ዛፍ ላይ በገመድ፦ የሚይዝና የሚንሸራተት ቋጠሮ

በገመድ ዛፍ መውጣት ማለት የሰው ክብደት በእጅና በእግር ጥንካሬ ላይ ሳይሆን በገመድ ላይ እንዲያርፍ ማድረግ ነው። ገመዱ ከላይ በጠንካራ ባላ ላይ ይሰቀላል፤ ወጪው ወገቡንና ጭኖቹን በሚይዝ መታጠቂያ ከገመዱ ጋር ይያያዛል። በመታጠቂያውና በገመዱ መካከል ደግሞ ክብደት ሲያርፍበት ገመዱን ጨምድዶ የሚይዝ፣ ክብደቱ ሲነሳለት በእጅ የሚንሸራተት ቋጠሮ አለ። የሰበቃ ቋጠሮ የሚባለው ይህ ነው። ወጪው ሁለቱንም እጁን ለቆ መጋዝ የሚይዘው፣ ከግንዱ ርቆ ወደ ቅርንጫፍ ጫፍ የሚራመደው፣ ሲደክመውም ባለበት ከፍታ ተቀምጦ የሚያርፈው በእሱ ነው።

በልደታ ክፍለ ከተማ ይህ ዕውቀት የሚያስፈልግበት ቦታ ብዙ ነው። አካባቢው ስሙን ያገኘው ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው፤ እንደ ሌላው የአዲስ አበባ ክፍል ሁሉ እዚህም ረጃጅም ዛፎች የሚገኙት በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር፣ በቆዩ መሥሪያ ቤቶች፣ በትምህርት ቤቶችና በሆስፒታሎች ግቢ ነው። የግንቦት ልደታ ካለፈ ክረምቱ ሩቅ አይደለም። ሰኔ ሲገባ አፈሩ ይርሳል፣ ነፋሱ ይበረታል፣ በጋውን ሙሉ ደርቆ የቆየ ቅርንጫፍም በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ይወርዳል። ባለ ክንድ መኪና በጠባብ ሠፈር አይገባም፤ መሰላልም እስከዚያ አይደርስም። ስለዚህ ሰው ይወጣል። ብዙ ጊዜ የሚታየው አወጣጥ ግን በባዶ እግር ግንዱን አቅፎ፣ መጥረቢያ ወገብ ላይ ሸጉጦ ነው። ገመድ ቢኖርም የሚያገለግለው የተቆረጠውን ቅርንጫፍ ለመጎተት እንጂ ሰውየውን ለመያዝ አይደለም። ይህ ልማድ መለወጥ አለበት፤ የመጀመሪያው ገመድ የሰው ነው፣ የቅርንጫፉ ገመድ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ገመድ ከመወርወሩ በፊት የሚታየው ዛፉ ነው፤ የአዲስ አበባ ዛፎች ጠባይ ደግሞ አንድ አይደለም። ባሕር ዛፍ ወደ ከተማዋ የገባው በ1880ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ገደማ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። በዙሪያው የነበረው ደን አልቆ ማገዶና የቤት እንጨት ስለጠፋ፣ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብ የደረሰበት ጊዜ ነበር፤ ፈጥኖ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ከተማዋን ባለችበት አቆያት። ነጭ ባሕር ዛፍ ሳይቆረጥ ከቆየ ከ40 ሜትር በላይ ይመዘዛል። ግንዱ ለስላሳ ነው፤ ቅርፊቱ በረጃጅሙ እየተላጠ ይወርዳል፤ የመጀመሪያው ጠንካራ ቅርንጫፍ ብዙ ጊዜ ከምድር በጣም ይርቃል፤ ቅርንጫፉንም ያለ ማስጠንቀቂያ ይጥላል። ግራቪሊያ ቀጥ ብሎ ያድጋል፤ ቅርንጫፉ ግን ተሰባሪ ስለሆነ ገመድ የሚሰቀለው ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት ሥር ብቻ ነው። ጽድ ጥቅጥቅ ባሉ ቅርንጫፎቹ ገመድ ማሳለፊያ ይነሳል። ወይራ ጠማማ ነው፣ እንጨቱ ግን ይታመናል። ጃካራንዳ ሰፋፊ ባላ ስላለው ለገመድ ይመቻል፤ ሆኖም ቀድሞ በግዴለሽነት የተቆረጠበት ቁስል ውኃ ቋጥሮ ውስጡን አበስብሶት ሊገኝ ይችላል።

ምርመራው ከሥር ይጀምራል። በግንዱ ግርጌ የበቀለ እንጉዳይ፣ በአንድ ወገን የተነሳና የተሰነጠቀ አፈር፣ በቅርብ ጊዜ በቁፋሮ የተቆረጠ ሥር፣ በግንዱ ላይ የሚታይ ቁልቁል ስንጥቅ፣ በመዶሻ ሲመታ ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ቦታ፣ እያንዳንዱ ምልክት ነው። የሞተ ዛፍ ሰው አይሰቀልበትም። አንዳንድ ጊዜ ትክክለኛው ውሳኔ አለመውጣት ነው፤ ይህን የሚወስነውም የሚከፍለው ሰው ሳይሆን የሚወጣው ሰው መሆን አለበት።

ገመድና ከፍታ ለኢትዮጵያ አዲስ አይደሉም። በትግራይ የሚገኘው የደብረ ዳሞ ገዳም በ6ኛው ክፍለ ዘመን በአቡነ አረጋዊ እንደተመሠረተ ይነገራል፤ ወደ አምባው የሚወጣው 15 ሜትር ገደማ ቁመት ባለው ገደል ላይ በተጎነጎነ የቆዳ ገመድ ነው። እዚያ ሁለት ገመድ አለ። አንዱን ወጪው በእጁ ይይዘዋል፤ ሌላው ወገቡ ላይ ይታሰርና ከላይ ያለው ሰው እየሰበሰበ ይይዝለታል። እጅ ቢዝል እንኳ ሁለተኛው ገመድ አለ። በከፋና በሸካ ደኖች ደግሞ ንብ አናቢዎች በገመድና በሐረግ እየታገዙ ረጃጅም ዛፎች ይወጣሉ፤ ቀፎውን ከታች ስበው ከፍ ባለ ቅርንጫፍ ላይ ይሰቅላሉ። በሁለቱም ቦታ የሚታየው ብልሃት ለዘመናት የተፈተነ ነው። ዘመናዊው የዛፍ አወጣጥ የጨመረው አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ በደብረ ዳሞ ወጪውን የሚይዘው ከላይ ያለ ሰው ሲሆን፣ በሰበቃ ቋጠሮ ግን ወጪው ራሱን በራሱ ይይዛል። ላይ የሚጠብቀው ሰው በሌለበት ዛፍ ይህ ለውጥ ወሳኝ ነው።

በመርካቶ በሜትር እየተለካ የሚሸጥ ገመድ ሁሉ ሰው አይሸከምም። ቃጫ ለጭነትና ለአጥር ጥሩ ነው፤ ነገር ግን እርጥበት ሲገባው ከውስጥ ይበሰብሳል፣ ብስባሹም ከውጭ አይታይም። በተለምዶ ናይለን እየተባለ የሚሸጠው ርካሹ ባለ ቀለም ገመድ ብዙ ጊዜ ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ፀሐይ ያደርቀዋል፣ በ165 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀልጣል። ቋጠሮ በገመድ ላይ በፍጥነት ሲንሸራተት የሚፈጠረው ሙቀት ለእንዲህ ያለ ገመድ አደገኛ ነው። ለመውጫ የሚመረጠው ከፖሊስተር ወይም ከእውነተኛ ናይለን የተሠራ፣ ውጫዊው ሽፋን ጥብቅ ሆኖ የተጎነጎነ፣ ውፍረቱ ከ11 እስከ 13 ሚሊ ሜትር የሆነ ገመድ ነው። እነዚህ ክሮች የሚቀልጡት ከ220 ዲግሪ በላይ ነው። የአውሮፓ ደረጃ ለእንዲህ ያለ ገመድ ቢያንስ 22 ኪሎ ኒውተን የመሸከም አቅም ይጠይቃል፤ ይህም ከ2,200 ኪሎ ግራም በላይ ክብደት ነው። የአሜሪካ የዛፍ ሠራተኞች ደረጃ ደግሞ 24 ኪሎ ኒውተን ገደማ ነው።

80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ሁለት ቶን መጠየቁ የተጋነነ ሊመስል ይችላል፤ አይደለም። ማንኛውም ቋጠሮ ገመዱን አጥፎ ስለሚያስጨንቀው ከአቅሙ ሩቡን፣ አንዳንዴም ሲሶውን ይወስድበታል። ፀሐይ፣ አቧራ፣ የዛፍ ሙጫና መታሸት በየወሩ ይቀንሱታል። ድንገተኛ መንጠቅ ደግሞ የሰውን ክብደት ብዙ እጥፍ ያደርገዋል። የተራራ ወጪዎች ገመድ ይህን መንጠቅ ለማብረድ ሲባል እንዲለጠጥ ተደርጎ ይሠራል፤ የዛፍ ገመድ ግን ብዙ አይለጠጥም፤ ቢለጠጥ ወጪው በእያንዳንዱ እርምጃ ሲዋዥቅ ይውላልና። ከዚህ የሚከተለው ሕግ ቀላል ነው፤ በወጪውና በመስቀያው መካከል ያለው ገመድ ሁልጊዜ የተወጠረ ይሁን። ልል ገመድ ላይ አንድ ሜትር መውደቅ እንኳ ጀርባን ሊጎዳ ይችላል።

ገመዱ ራሱ አይወረወርም። መጀመሪያ የሚወረወረው 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ለስላሳ ክር ነው፤ በጫፉ ከ280 እስከ 450 ግራም የሚመዝን፣ በእርሳስ እንክብል ወይም በአሸዋ የተሞላ ትንሽ ከረጢት ይታሰራል። ወርዋሪው ክሩን አጥፎ ከረጢቱን በእግሮቹ መካከል ያወዛውዝና በትክክለኛው ቅጽበት ይለቀዋል። ለረጅም ባሕር ዛፍ የክንድ ኃይል ስለማይበቃ በእንጨት ዘንግ ላይ የተተከለ ትልቅ ወንጭፍ ይጠቅማል። ከረጢቱ ቅርንጫፉን አልፎ ሲወርድ ዋናው ገመድ ከክሩ ጋር ታስሮ ይጎተታል። ማያያዣው ባላ ውስጥ እንዳይቀረቀር የገመዱ ጫፍ በክር ተጠቅልሎ እየሾጠጠ እንዲሄድ ይደረጋል። ከረጢት በሚወረወርበት ጊዜ ከዛፉ ሥር ሰው መቆም የለበትም፤ ጠባብ ግቢ ውስጥ ሕፃናት መኖራቸው አይቀርምና ይህን የሚጠብቅ አንድ ሰው በተለይ ይመደባል።

መስቀያው የሚመረጠው በዓይን ብቻ ሳይሆን በፈተናም ነው። ቅርንጫፉ ሕያው፣ ገመዱ በሚያርፍበት ቦታ ውፍረቱ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ገመዱም ከግንዱ ጋር የተጠጋ መሆን አለበት። ሁለት ግንዶች እየተጋፉ በጠባቡ የሚገናኙበትና መካከላቸው ቅርፊት የተቀበረበት ባላ አይታመንም፤ የሚሰነጠቀው እሱ ነው። ልምድ ያላቸው ወጪዎች ገመዱን ከዋናው ግንድ ዞሮ እንዲያልፍ ያደርጉታል፤ መስቀያው ቢሰበር ገመዱ ከሥሩ ባለው ቅርንጫፍ ላይ ያርፋል። ከዚያ ሁለት ሰዎች ከመሬት ሳይርቁ ገመዱ ላይ ተንጠልጥለው ይወዛወዛሉ። የሁለት ሰው ክብደት የቻለ መስቀያ ለአንዱ ይበቃል። ድምፅ ከተሰማ ወይም ቅርንጫፉ ካጎነበሰ ሌላ ይፈለጋል።

ገመዱ ከተሰቀለ በኋላ ሁለት የአሠራር መንገዶች አሉ። በመጀመሪያው ገመዱ በመስቀያው ላይ ይንቀሳቀሳል። አንዱ ጫፍ ከወጪው መታጠቂያ ጋር ይታሰራል፤ ገመዱ ቅርንጫፉን ዞሮ ይወርዳል፤ የሰበቃው ቋጠሮ ደግሞ በወረደው ወገን ላይ ይታሰርና እንደገና ከመታጠቂያው ጋር ይገናኛል። ክብደቱ ለሁለት ስለሚከፈል ቋጠሮው የሚይዘው ግማሹን ያህል ብቻ ነው። በምላሹ አንድ ሜትር ለመውጣት ሁለት ሜትር ገመድ ይሳባል፤ 20 ሜትር ከፍታ ላይ ለተሰቀለ መስቀያም ከ45 ሜትር ያላነሰ ገመድ ያስፈልጋል። ገመዱ ባዶ ቅርንጫፍ ላይ ሲመላለስ ቅርፊቱን ይልጣል፣ ራሱም ያልቃል። ስለዚህ በሁለቱም ጫፉ የብረት ቀለበት ያለው ጠንካራ ማሰሪያ ቅርንጫፉ ላይ ይጋደምና ገመዱ በቀለበቶቹ ውስጥ ያልፋል። ለጀማሪ የሚመከረው ይህ መንገድ ነው።

በሁለተኛው መንገድ ገመዱ አይንቀሳቀስም። አንዱ ጫፍ ይታሰራል፣ ወጪው በሌላው ላይ ይወጣል። ለረጅም ዛፍ ፈጣን ነው፤ እግርም ስለሚሠራበት ክንድን አያደክምም። ነገር ግን ሁለት ነገሮች መታወቅ አለባቸው። ገመዱ ከላይ ዞሮ ወርዶ ከግንዱ ግርጌ ከታሰረ፣ መስቀያው የሚሸከመው የወጪውን ክብደት እጥፍ ያህል ነው። አንዱን ወገን ወጪው ሲስበው ሌላውን ወገን ግርጌ ያለው ማሰሪያ በተቃራኒው ይጎትተዋል፤ ከነመሣሪያው 80 ኪሎ የሆነ ሰው በመስቀያው ላይ ወደ 160 ኪሎ ይጭናል። ቅርንጫፉን ከመሬት ሆኖ መመርመር በማይቻልበት ዛፍ ይህ ልዩነት የሕይወት ጉዳይ ነው። ሁለተኛው፣ ሙሉ ክብደት ተሸክሞ የጠበቀ የሰበቃ ቋጠሮ በእጅ ለመልቀቅ አስቸጋሪ ነው፤ ድንገት ሲለቅም ያስወነጭፋል። ለዚህ ነው በዚህ መንገድ ከቋጠሮው በላይ ገመዱን አጣምሞ ጫናውን የሚጋራ ሮፕ ሬንች የሚባል መሣሪያ የሚጨመረው።

የማይንሸራተቱት ቋጠሮዎች ጥቂት ናቸው፤ በደንብ የሚታወቁ ጥቂት ቋጠሮዎች በግማሽ ከሚታወቁ ብዙዎች ይሻላሉ። ስምንት ቁጥር የሚመስለው ቋጠሮ በእጥፍ ገመድ ሲሠራ አስተማማኝ ቀለበት ይሰጣል፤ ትክክል መሆኑም በአንድ እይታ ይታወቃል። ቦላይን የሚባለው ቋጠሮ ከከባድ ጫና በኋላም በቀላሉ ይፈታል፤ ሆኖም ጫና በሌለበት ጊዜ እየላላ ስለሚሄድ ጅራቱ ተጨማሪ መቆለፊያ ያስፈልገዋል። ቦላይኑ በራሱ ገመድ ላይ ሲታሰር ግንድ የሚያጠብቅ ሸምቀቆ ይሆናል፤ በሁለተኛው መንገድ ገመዱን ከላይ ግንዱ ላይ ለማሰር ያገለግላል። ሸምቀቆ ለግንድ እንጂ ለሰው ወገብ ፈጽሞ አይሆንም። ጭንን የማይዝ፣ ወገብ ላይ ብቻ የታሰረ ገመድም ቢሆን ለተንጠለጠለ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ትንፋሽ ይከለክላል። የክርን ሁለት ጫፎች አገናኝቶ ቀለበት ለመሥራት የዓሣ አጥማጆች ድርብ ቋጠሮ ይመረጣል፤ ጅራቶቹ ቢያንስ 8 ሴንቲ ሜትር ይቀራሉ።

የሰበቃ ቋጠሮ ለምን እንደሚይዝ ለመረዳት የስዊዘርላንዱ የሒሳብ ሊቅ ሌዎንሃርድ ኦይለር በ18ኛው ክፍለ ዘመን የደረሰበት ግኝት ይረዳል። በምሰሶ ላይ የተጠመጠመ ገመድ የሚይዘው ኃይል በዙሩ ቁጥር ልክ እየተደመረ አይደለም የሚያድገው፤ በእያንዳንዱ ዙር እየተባዛ ነው። በመጠነኛ የሰበቃ መጠን አንድ ሙሉ ዙር በአንድ ጫፍ ያለውን ኃይል 6 እጥፍ ተኩል ገደማ መቋቋም ያስችላል፤ ሁለት ዙር 43 እጥፍ፣ ሦስት ዙር ደግሞ ከ280 እጥፍ በላይ። ገበሬ የበሬውን ገመድ ግንድ ላይ ሁለት ጊዜ አዙሮ በአንድ እጁ ሲይዝ የሚጠቀመው ይህንኑ ሕግ ነው። በዛፍ ወጪው ዘንድ ምሰሶው ራሱ ገመድ ነው። ቀጭኑ ክር በዋናው ገመድ ላይ ይጠመጠማል፤ ክብደት ሲያርፍበት ዙሮቹ ይጠብቃሉ፣ ዋናውን ገመድ ያጎብጡታል፣ ይነክሱታል። ከላይ በእጅ ተገፍቶ ውጥረቱ ሲላላ ይለቃል። ከዚህ ሦስት ነገሮች ይከተላሉ፦ ክሩ ከዋናው ገመድ ቀጭን ከሆነ የበለጠ ይነክሳል፤ ዙር ሲጨመር ይበልጥ ይይዛል፣ መንሸራተቱ ግን ይከብዳል፤ እርጥብ፣ ጭቃማ ወይም አዲስ አንሸራታች ገመድ ላይ ያለው አያያዝ ከደረቁ ይለያል። ትናንት በደንብ የያዘ ቋጠሮ ዛሬ በሌላ ገመድ ላይ ላይይዝ ይችላል።

ከእነዚህ ቋጠሮዎች በዓለም የታወቀው በኦስትሪያዊው ተራራ ወጪ ካርል ፕሩሲክ ስም የሚጠራው ነው፤ ፕሩሲክ ቋጠሮውን ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው። አሠራሩ ለመማር ቀላል ነው። ክብ የሆነ ቀለበት ክር በዋናው ገመድ ላይ ይደረብና በራሱ ውስጥ ሦስት ጊዜ እየዞረ ያልፋል፤ ዙሮቹ ከመካከሉ በላይም በታችም እኩል ይሆናሉ። ፕሩሲክ በሁለቱም አቅጣጫ ይይዛል፤ ጉዳቱ ከከባድ ጫና በኋላ መጨማደዱ ነው። ዛፍ ላይ ቀኑን ሙሉ ለሚመላለስ ሠራተኛ አሰልቺ ይሆናል፤ ለመጠባበቂያና ለነፍስ አድን ግን እስከ ዛሬ ያገለግላል። ክሩ ከዋናው ገመድ በ2 ወይም በ3 ሚሊ ሜትር መቅጠን አለበት።

ለአሥርት ዓመታት የዛፍ ሠራተኞች ዋና መያዣ ሆኖ የቆየው ታውት ላይን የሚባለው ቋጠሮ ነበር። ቀላል ነው፣ የሚሠራውም ከገመዱ ከራሱ ጫፍ ነው። ሆኖም ጅራቱ በእያንዳንዱ መንሸራተት ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ዙሮቹም እየተንከባለሉ ይጠብቃሉ። ዛሬ ለጀማሪ የሚመከረው ብሌክ የሚባለው ነው። ኦስትሪያዊው ሃይንዝ ፕሮሃስካ እ.ኤ.አ. በ1981 ጽፎበት ነበር፤ በዛፍ ሠራተኞች ዘንድ የታወቀው ግን አሜሪካዊው ጄሰን ብሌክ እ.ኤ.አ. በ1994 ካስተዋወቀው በኋላ ነው። የገመዱ ጫፍ በዋናው ገመድ ላይ አራት ጊዜ ወደ ላይ ይጠመጠማል፤ የታችኞቹ ሁለት ዙሮች አውራ ጣት ተደርጎባቸው ላላ ይላሉ። ከዚያ ጫፉ ወደ ታች ይመለስና ከመታጠቂያው በሚመጣው ገመድ ፊት ለፊት ያልፋል፤ ከዋናው ገመድ በስተጀርባ ይዞርና አውራ ጣቱ በነበረበት ቦታ፣ በታችኞቹ ሁለት ዙሮች ሥር ይወጣል። ዙሮቹ ሳይደራረቡ ጎን ለጎን መቆም አለባቸው። በጅራቱ ላይ የስምንት ቁጥር ቋጠሮ ይታሰራል፤ ያ ከሌለ ቋጠሮው አልተጨረሰም። የብሌክ አያያዝ ወጥ ነው፣ ለመፈተሽም ግልጽ ነው። ደካማ ጎኑ በፍጥነት ሲወረድ ጅራቱ በሚገናኝበት አንድ ቦታ ላይ ሙቀት መከማቸቱና ገመዱን መለብለቡ ነው።

ከዚያ በላይ ልምድ ያላቸው ከሰሜን ጣሊያኑ የአኦስታ ሸለቆ ስሙን ወደወረሰው ቫልዶቴን ትረስ ያልፋሉ፤ በሙያው ቪ.ቲ. ይባላል። የተለየ ክር፣ ብዙውን ጊዜ 8 ወይም 10 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ በሁለቱም ጫፉ ቀለበት ያለው፣ ዋናውን ገመድ አራት ጊዜ ይዞርና ከዚያ ሁለቱ ጫፎች ፊትና ኋላ እየተፈራረቁ እንደ ሹሩባ ይወርዳሉ። ሹሩባው ሲወጠር ይይዛል፣ ሲላላ በአንድ ጣት ይንሸራተታል። ይህ ቅልጥፍና ዋጋ አለው፤ የክሩ ርዝመት በጥቂት ሴንቲ ሜትር ቢበዛ ቋጠሮው ዘግይቶ ይይዛል፣ ወይም ጨርሶ ላይይዝ ይችላል። ክሩም አራሚድ የሚባል ሙቀት የማያቀልጠው ጭረት ያለበት ሊሆን ይገባል። አንድን ሰው ያለ አሠልጣኝ በቪ.ቲ. ማስጀመር ስህተት ነው።

የትኛውም ቋጠሮ ቢመረጥ ሦስት ነገሮች ሳይደረጉለት ከመሬት አይነሳም። ዙሮቹ ተስተካክለው ይደረደራሉ፤ እያንዳንዱ ጫፍ ተስቦ ይጠብቃል፤ ከዚያ ወጪው እግሩ ከመሬት ትንሽ ከፍ ብሎ ሙሉ ክብደቱን ይጥልበታል። ጉልበት በሚደርስ ከፍታ ላይ የተንሸራተተ ቋጠሮ ትምህርት ነው፤ 15 ሜትር ላይ የተንሸራተተው አደጋ ነው። መውረድም የራሱ ሥርዓት አለው። እጅ በቋጠሮው አናት ላይ በዝግታ ይጫናል፤ ሌላው እጅ የሚወርደውን ገመድ ከታች ይቆጣጠራል። የደነገጠ ሰው የያዘውን አጥብቆ ይጨብጣል፤ ቋጠሮውን ከላይ ከጨበጠ ደግሞ ይበልጥ ይለቃል። ወጪው ይህን መሬት ላይ ደጋግሞ መለማመድ ያለበት ለዚህ ነው።

መጋዝ ሲወጣ ሁለተኛ ማሰሪያ ግዴታ ነው። አጭር ገመድ፣ የራሱ የሰበቃ ቋጠሮ ያለው፣ ግንዱን ዞሮ በመታጠቂያው ግራና ቀኝ ይያያዛል። አንዱ ገመድ በስህተት ቢቆረጥ ሌላው ይይዛል። የተወጠረ ገመድ በመጋዝ ሲነካ እንደ ላላ ገመድ አይቆይም፤ በአፍታ ይበጠሳል። የሞተር መጋዝ በወጪው አይሸከምም፤ ከታች በተለየ ገመድ ይላካል። ወጪውን ከገመዱ ጋር የሚያገናኘው ካራቢነር የሚባለው መንጠቆ በአንድ እንቅስቃሴ የሚከፈት መሆን የለበትም፤ ተዞሮም ተገፍቶም ካልሆነ የማይከፈት ይመረጣል። ግንድ የሚወጉ የብረት እሾህ ያላቸው ጫማዎች የሚፈቀዱት ዛፉ የሚቆረጥ ከሆነ ብቻ ነው። ሕያው ሆኖ ለሚቀር ዛፍ እያንዳንዱ ቀዳዳ የበሽታ በር ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ያለ የመቶ ዓመት ጽድ ይህ ሊደረግበት አይገባም።

በልደታ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው የኤሌክትሪክ መስመር ነው። ቅርንጫፎች በየሠፈሩ ከመስመር ጋር ይጠላለፋሉ፤ ከሜክሲኮ በተግባረ ዕድና በልደታ በኩል ወደ ጦር ኃይሎች የሚያልፈውና በ2008 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው ቀላል ባቡርም ከላይ በተዘረጋ የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው የሚሄደው። የኤሌክትሪክ ሥልጠና የሌለው ወጪ ራሱም፣ መሣሪያውም፣ የሚጥለው ቅርንጫፍም ከመስመር ቢያንስ 3 ሜትር መራቅ አለባቸው። እርጥብ ገመድና እርጥብ ቅርንጫፍ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉ። ቅርበቱ ከዚህ ካነሰ ሥራው የሚጀመረው የኤሌክትሪክ አገልግሎት መስመሩን ካቋረጠ በኋላ ብቻ ነው።

ማንም ብቻውን አይወጣም። ከታች የሚቆመው ሰው መታጠቂያ ያለው፣ ገመድ መውጣት የሚችል፣ ሁለተኛ የመውጫ ገመድም አጠገቡ የተዘጋጀ መሆን አለበት። ራሱን ስቶ በመታጠቂያ ላይ የተንጠለጠለ ሰው ደሙ ወደ እግሩ ስለሚወርድ በደቂቃዎች ውስጥ ለሕይወት አስጊ ሁኔታ ላይ ይደርሳል፤ አምቡላንስ እስኪመጣ መጠበቅ በቂ ላይሆን ይችላል። የማውረዱ ዘዴ ቀድሞ የተለማመዱት እንጂ በዚያች ሰዓት የሚፈለሰፍ አይደለም።

ገመድ ከሥራ በኋላ በእጅ እየተዳሰሰ ይመረመራል። ጠጣር የሆነ ቦታ፣ የሳሳ ቦታ፣ ሽፋኑ ተልጦ ውስጡ የሚታይበት ቦታ፣ አብረቅራቂ ሆኖ የተለበለበ ቦታ ከተገኘ ያ ክፍል ተቆርጦ ይወጣል፣ ወይም ገመዱ ሙሉ በሙሉ ከመውጫነት ይነሳል። የሰበቃው ክር ከዋናው ገመድ በጣም ቀድሞ ያልቃል፤ ስለዚህ በየጊዜው ይቀየራል፣ ሁልጊዜም መለዋወጫ ይያዛል። የቆሸሸ ገመድ በሞቀ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ይታጠባል፤ በረኪና አይነካውም። የሚደርቀው በጥላ ነው። ባትሪ፣ ቤንዚንና አሲድ ባለበት መጋዘን አይቀመጥም፤ የባትሪ አሲድ በገመድ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በዓይን ላይታይ ይችላል። ከፍ ካለ ቦታ በኃይል የተነጠቀ፣ ወይም ታሪኩ የማይታወቅ ገመድ ምንም ቢያምር ሰው አይሰቀልበትም። የተነሳው ገመድ ሌላ ሰው በስህተት እንዳያነሳው በአጭር በአጭሩ ይቆራረጣል።